ከስክሪኑ ጥግ ያለችው ምልክት

ካርቱን ኔትዎርክ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሁለቱም ቃላት ሰባት ሰባት ፊደል አላቸው። ይቺን አጋጣሚ ያስተዋለ ሰው ጥሩ አድርጎ ተጠቀመባት። ሰባት ሳጥን ከላይ፣ ሰባት ሳጥን ከታች። አንዱ ጥቁር፣ ቀጣዩ ነጭ። በየሳጥኑ አንድ ፊደል። ከዳማ ሰሌዳ ተቆርጦ የወጣ የሚመስል ነገር ሆነ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1992 አሜሪካ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ይቺን ሎጎ ይዞ ወጣ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማም አልቀየራትም።

እኔ ግን ይቺን ሎጎ በጊዜዋ አላየኋትም። ያኔ ደሴ ውስጥ ዲሽ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ከዩቲዩብ ነው ያገኘኋት፣ ትልቅ ሰው ሆኜ። አንድ ማታ የልጆች ጣቢያዎችን የድሮ ሎጎ ሳይ አመሸሁ፤ በነጋታው ሥራ ነበረብኝ። ሰው ይሄን ለምን ያያል አትበሉኝ። የሚያናግሩትን ቋንቋ ሳይሰማ በዲሽ ያደገ ልጅ ይገባዋል። ለኛ ጣቢያ ማለት ሎጎው ነበር። ስሙን ማንበብ አንችልም፣ አስተዋዋቂዋ የምትለው አይገባንም፤ ከጥግ ያለችውን ምልክት ግን አንስትም።

ወሎ ውስጥ ዲሽ በብዛት የገባው በዐረብ አገር ገንዘብ ነው። ጅዳ ያለች እህት፣ ቤይሩት ያለች አክስት፣ ዱባይ ያለ የአጎት ልጅ ይልካሉ፤ እዚህ ጣራ ላይ ይተከላል። ሪሲቨሩን በሻንጣ ይዛ የመጣችም አለች። በኛ ሰፈር መጀመሪያ ያስገቡት ጎረቤታችን ሀጂ ናቸው። ሀጂ የሚያዩት ዜናና ከመካ በቀጥታ የሚተላለፈውን ነበር። ሪሞቱ ከእሳቸው ጋቢ ሥር አይወጣም። እኛ ደግሞ ከአስር ሰላት በኋላ ደጃቸው ላይ እንሰለፋለን። ደግ ሰው ነበሩ። "ግቡ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ እንዳትጯጯሁ" ይሉና ሪሞቱን ይዘው ቻናል ማሳለፍ ይጀምራሉ። አንድ በአንድ ነው የሚያሳልፉት። በመቶ የሚቆጠር ቻናል አለ፤ እሳቸው ቁጥሩን አይዙም፣ እኛም አንይዝም። አንዱ ገጽ የሚቆየው ሁለት ሰከንድ ነው። ማስታወቂያ ላይ ከሆነ ካርቱኑ ራሱ አይታይም። ስለዚህ ሁላችንም ዐይናችንን ጥጉ ላይ ተክለን እንጠብቃለን። ሎጎዋ ብቅ ስትል "እዚያ! እዚያ! ይመልሱት ሀጂ!" እሳቸው ደንግጠው ሁለት ቻናል ያልፉታል። ከዚያ ወደ ኋላ መመለስ ሌላ ጣጣ ነው።

የናይልሳት ዲሽ ደሴ ላይ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ምዕራብ ነው። ሳተላይቱ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሚገኝ ከኛ ሲታይ ወደ ጦሳ ተራራ አናት ያለ ይመስላል። በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው አረብሳት ደግሞ ለኛ አናት ላይ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ የእሱ ዲሽ ሰማይ ሰማይ ያያል። ጣራውን አይቶ የማን ቤት ምን እንደሚያይ መናገር ይቻል ነበር። ክረምት ሲሆን ግን ሁሉም እኩል ነው። ሐምሌ ላይ ጉሙ ወርዶ፣ ዝናቡ ተከትሎ፣ በረዶው ሲጨመርበት ሲግናሉ ይወድቃል፤ ሥዕሉ ይቆራረጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል ነበር። ሥዕሉ ሲቆራረጥ የሚሮጠው ድመት በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተሰባብሮ ጭንቅላቱ አንድ ቦታ፣ ጅራቱ ሌላ ቦታ ይቀራል። ሎጎዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ጥርት ብላ ትቀመጣለች። ተአምር ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዲጂታል ስርጭት እያንዳንዱ ምስል እንደ አዲስ ሙሉ በሙሉ አይላክም። በአብዛኛው የሚላከው ከቀደመው ምስል የተለወጠው ብቻ ነው። መረጃው መንገድ ላይ ሲጠፋ ብዙው ሪሲቨር ቀድሞ የነበረውን ይዞ ይቆያል። የሚንቀሳቀሰው ነገር ስለዚህ ይበላሻል። ሎጎ ደግሞ አይንቀሳቀስም፤ የድሮውም ያው ነው፣ የአሁኑም ያው ነው።

በኛ ጊዜ ንጉሡ ስፔስቱን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ የዐረብኛ የልጆች ጣቢያ ነው። አብዛኛው ካርቱኑ የጃፓን ሥራ ሲሆን ደማስቆ ውስጥ በሚገኘው የዘህራ ማዕከል ወደ ዐረብኛ ይመለስ ነበር። ሐሳቡ ዛሬም ይገርመኛል። ጣቢያው ራሱን እንደ ጠፈር ቆጥሮ ፕሮግራሞቹን በፕላኔት ከፋፈለ። የአክሽን ፕላኔት፣ የስፖርት ፕላኔት፣ የኮሜዲ ፕላኔት፣ የሳይንስ ፕላኔት። ለሴቶች ልጆች ብቻ የተባለች ዙሙሩዳ የምትባል ፕላኔትም ነበረች። እያንዳንዷ የራሷ ስም፣ የራሷ ቀለም፣ የራሷ ምልክት ነበራት። የፕላኔቷ ምልክት ስትመጣ ቀጥሎ የሚመጣው ኳስ ይሁን ድብድብ እናውቃለን። ሰዓት ማየት አያስፈልግም፤ ፕሮግራም የሚነግረንም አንፈልግም። ዙሙሩዳ ስትመጣ ወንዶቹ "ኤጭ!" ብለን ወጥተን ኳስ እንጫወታለን፤ እህቶቻችን ቦታችንን ይይዛሉ። (አንዳንዶቻችን በር ላይ ቆመን እናይ ነበር። ይሄ ከዚህ አይውጣ።)

ኮምፒውተር የሌለበት፣ የፕሮግራም ዝርዝር የማይነበብበት ቤት ውስጥ ያ አሠራር ምን ያህል እንደረዳን ሳስብ፣ የሠራው ሰው ማንበብ ለማይችል ልጅ አስቦ ነው እላለሁ። ማንበብ የማይችል ልጅ ሲያስብ ግን የአራት ዓመቱን የቤይሩት ልጅ እንጂ የአሥር ዓመቱን የደሴ ሸዋ በር ልጅ አላሰበም። ምንም አይደል፤ ደርሶናል።

ካርቱኑ የሚናገረው የመጽሐፍ ዐረብኛ ነው፣ ፉስሓ የሚሉት። መድረሳ የሚሄዱት ጓደኞቻችን አንዳንድ ቃል ይይዙና ለኛ ያካፍላሉ። ከቡድናችን ግማሹ ክርስቲያን ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ሁላችንም "ሀያ ቢና!" እያልን ነበር የምንሮጠው። እንሂድ፣ ተነሱ እንደማለት ነው። አንዴ ከጅዳ ለዕረፍት የመጣች የሰፈር እህታችን ሰምታን በሳቅ ፈረሰች። "ማዳሜ ጋ እንዲህ ብናገር የዜና አንባቢ መጣች ይሉኛል" አለች። ቡናው ሦስተኛው እስኪወርድ አልለቀቀችንም፤ እያስደገመች ስትስቅብን ዋለች።

ኤምቢሲ 3 የሚባለው ሌላው የዐረብኛ የልጆች ጣቢያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 መጣ። ብዙ ደሴ ያደገ ሰው ዛሬ ስለ ልጅነቱ ካርቱን ስትጠይቀው የሚጠራልህ እሱን ነው፤ እኔ ግን ያኔ አድጌ ነበርና ብዙ የምለው የለኝም። ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ ነበር። ያኔ "ፕላዝማ" ሲባል ትዝ የሚለን የክፍሉ ቴሌቪዥን ነው፤ በእንግሊዝኛ በፍጥነት እያስተማረ ጥሎን የሚሄደው።

ካርቱን ኔትዎርክ በዐረብኛ የታናሽ ወንድሜ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2010፣ በኛ መስከረም 30 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው የተከፈተው፤ ከዱባይ፣ ያለ ክፍያ። ከዚያ በፊት ጣቢያው በክፍያ ዲሽ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ያንን የሚከፍል ቤት ደግሞ በኛ ሰፈር አልነበረም። እና አንድ ቀን ወንድሜ ሪሲቨሩን ሰርች ሲያደርግ አዲስ ሎጎ ወጣ። ሁለት ሳጥን። አንዱ ጥቁር፣ በላዩ ሲ። አንዱ ነጭ፣ በላዩ ኤን። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ለአራት ዓመት አልተገኘም። ቤን ቴን የሚባለውን የካርቱን ልጅ ያውቃል፣ የእጅ ሰዓቱን ያውቃል፣ ሰዓቱ ሲነካ የሚወጡትን ፍጡራን በስም ያውቃል። መስከረም ሲደርስ ቤን ቴን የሌለበት ቦርሳ አልይዝም ብሎ እናታችንን ገበያ ለገበያ አንከራተተ።

አሁን ወደ ሎጎው ልመለስ። ታሪኩ እንዲህ ነው።

ቴድ ተርነር የሚባለው የአትላንታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1986 ገደማ ኤምጂኤም የሚባለውን የፊልም ድርጅት የድሮ ፊልሞች ክምችት ገዛ፤ ቶምና ጄሪ እዚያ ውስጥ ነበሩ። በ1991 ደግሞ ሃና ባርቤራ የተባለውን የካርቱን ድርጅት ከነክምችቱ ጨመረ። የሚያስቀው ነገር፣ ቶምና ጄሪን በ1940 የፈጠሩት ራሳቸው ሃና እና ባርቤራ ናቸው። ኤምጂኤም በ1957 የካርቱን ክፍሉን ሲዘጋ ወጥተው የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ሁለቱም ሥራቸው አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ተገናኘ። ሰውየው ይሄን ሁሉ ካርቱን ይዞ ምን ያድርግ? ሃያ አራት ሰዓት ካርቱን ብቻ የሚያሳይ ጣቢያ ከፈተ። የመጀመሪያው ሎጎ ለዚያ ጣቢያ ነው የተሠራው። መጋዘን ሙሉ የቆየ ዕቃ ይዞ ለተነሣ ጣቢያ ጥቁርና ነጭ መሆኑ ይስማማዋል። ቀለሙን ካርቱኑ ያምጣው ብሎ እንደመተው ነው።

ጁን 14 ቀን 2004 ሁለተኛው መጣ። ከአሥራ አራቱ ፊደል ሲ እና ኤን ብቻ ቀሩ። ሳጥኖቹ ወፍረው ኪዩብ ሆኑ፣ ጋደም አሉ፣ ጥላ ወጣላቸው። የዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር ሦስት አቅጣጫ ካልሆነ አይሆንም ነበር፤ የፎቶ ቤቱ የሠርግ ካርድ እንኳን ፊደሉ ያብጥ ነበር። ጣቢያው ካርቱኖቹ ሁሉ አንድ ከተማ ውስጥ እንደሚኖሩ አስመስሎ ማስታወቂያ ይሠራ ነበር። ያ ማስታወቂያ ቆንጆ ነው። ሎጎው ግን ለኔ አይጥመኝም። ሊወድቅ ያለ ይመስላል።

ሦስተኛው ሜይ 29 ቀን 2010 ወጣ። ኪዩቡ ተደፈጠጠ። ሁለት ጠፍጣፋ ሳጥን፣ ጥቁርና ነጭ፤ ዙሪያውን ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ። ወንድሜ ያያት ይቺን ነው።

አሥራ አራት ፊደል ወደ ሁለት የወረደው ለምን ይመስላችኋል? የፋሽን ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ሎጎ ሲጀመር በማስታወቂያ መሃል ስክሪኑን ሞልቶ የሚታይ ነገር ነበር። ጥግ ላይ ቋሚ ሆኖ መቀመጥ ሲጀምር ሥራው ሌላ ሆነ። ጥግ ላይ አሥራ አራት ፊደል አይነበብም፤ በተለይ በኛ ሀያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን። ሁለት ሳጥን ግን ከጓዳም ይታያል። ኒክሎዲን የሚባለው ሌላው የአሜሪካ የልጆች ጣቢያ ይሄን ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 ብርቱካናማ የቀለም ፍንጣቂ ላይ ነጭ ጽሑፍ አደረገ፤ ፍንጣቂው ዛሬ ዓሣ፣ ነገ ጫማ ሆኖ ይወጣል። ቅርጹ እንዳሻው ይለዋወጣል፣ ቀለሙ አይነካም። በ2009 ፍንጣቂውን ትተው ጽሑፍ ብቻ አደረጉት። በ2023 መልሰው አመጡት። እንደሚመልሱት ያስታውቅ ነበር።

ጥግ ላይ ቋሚ መሆን የራሱ ጣጣ አለው። ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጣቢያ ላይ ነው። ባለቤቱ አንድ ቀን ለኳስ ብሎ ቻናል ሲቀይር የድሮው ጣቢያ ሎጎ አብሮ መጣ። ስክሪኑ ላይ ተቃጥሎ ቀርቷል። ማንቸስተር እየተጫወተ ከጥግ የፊልም ቻናል ምልክት አመድ ለብሶ ይታያል። የድሮዎቹ ባለ ከርስ ቴሌቪዥኖችም ፕላዝማዎቹም ይሄ በሽታ ነበረባቸው። ብዙ ጣቢያዎች ሎጎአቸውን ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ገርጣ ያለ ያደረጉት በከፊል ለዚህ ነው።

ስለ ባለቤቶቹ ብዙ አልልም። የተርነር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ታይም ዋርነር ከሚባል ሌላ የሚዲያ ድርጅት ጋር ተቀላቀለ፣ እሱን በ2018 የስልክ ድርጅቱ ኤቲ ኤንድ ቲ ገዛው፣ በ2022 ደግሞ ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ ሆነ። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ ካርቱን ኔትዎርክ ሞተ ተብሎ ኢንተርኔቱ ለቅሶ ተቀመጠ። ጣቢያው ራሱ ወጥቶ አልሞትንም፣ ሠላሳ ዓመት ሞላን እንጂ ብሎ መለሰ። በኦገስት 2024 ድረ ገጹ ተዘጋ፤ ስንት ልጅ ጌም የተጫወተበት ገጽ ማክስ ወደሚባለው የክፍያ የኢንተርኔት ቪዲዮ አገልግሎት የሚመራ በር ሆነ። ወንድሜ ያን ቀን የላከልኝን መልእክት እዚህ አልጽፈውም፤ ጨዋ ቃል አልነበረበትም።

የራሳችንስ? አገር ውስጥ በዐማርኛ የልጆች ፕሮግራም አልጠፋም። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ነግረዋል። "የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች" ሲሉን ሁላችንም እኛን ነው ብለን ነበር የምንሰማው። ስፔስቱን ደግሞ ራሱን "የነገ ወጣቶች ጣቢያ" ይል ነበር። ሁለቱም ነገን ነበር የሚያወሩን። ልዩነቱ፣ አንደኛው ስክሪን ላይ በሳምንት ጥቂት ደቂቃ፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ነበር። የአባባ ተስፋዬ ፕሮግራም ሎጎ አያስፈልገውም ነበር፤ ሎጎው እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ፌስቡክ ላይ ሰው ሁሉ የለጠፈው ፊታቸውን ነው፤ ስማቸውን መጻፍ ያስፈለገው ብዙ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ፀሐይ መጣች፣ ከካልሲ የተሠራችው መማር የምትወድ ቀጭኔ። እሷንም አንድ ልጅ በጥላዋ ይለያታል።

ግን እነዚህ የተሰጣቸው ሰዓት ነበር እንጂ ጣቢያ አይደለም። ልጅ ሆኜ የምፈልገው ጥግ ነው። መቼም ልምጣ መቼ ያችን ምልክት አይቼ "ደረስኩ" የምልበት፣ ውስጡ ደግሞ ዐማርኛ የሚናገርበት። የኛ ፕሮግራም ሰዓቱ ሲያልቅ ቀጥሎ ዜና ነበር፤ ሎጎው ያው የአዋቂዎቹ ነበር። ይሄን ስል አባባ ተስፋዬን ማሳነሴ አይደለም። እሳቸውማ ያለ ጥግ አርባ ዓመት ቆሙ። የሚያናድደኝ ጥጉን ያልሰጣቸው ነው።

ወንድሜ አሁን ኮምቦልቻ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው። ባነር፣ ስቲከር፣ ቲሸርት ያትማል። ከሥራው አጠገብ ፍላሽ የሚሞላ ልጅ አለ፤ አባቶች ከፋብሪካ ሲወጡ ለልጆቻቸው ካርቱን ያስጭናሉ። በቀደም ሄጄ አብሬው ተቀምጬ አየሁ። አንድ ፍላሽ ውስጥ የስፔስቱን ሎጎ ያለበት አለ፣ ኤምቢሲ 3 ያለበት አለ፣ የሁለቱ ሳጥን አለ። አንዱ ፋይል ላይ ሁለት ሎጎ ተደራርቧል፤ አንዱ ጣቢያ ከሌላው ወስዶ በላዩ የራሱን ለጥፏል። የሕንድ ጽሑፍ ከታች ያልፋል። ለዛሬ ልጅ ጥጉ አድራሻ መሆኑ ቀርቷል፤ ፋይሉ ከየት እንደተቀዳ የሚናገር ማኅተም ሆኗል።

እኔና ወንድሜ ስለ ሎጎዎቹ ተከራክረን አናውቅም ብል ውሸት ነው። እኔ የመጀመሪያው ነው የሚበልጠው እላለሁ። እሱ ሦስተኛው ይላል፤ ምክንያቱም የማተሚያ ሰው ምክንያት ነው። ሰማያዊው፣ ሮዙና ቢጫው ተራ ቀለም አይደሉም። ሲያን፣ ማጀንታ፣ የሎው ናቸው፤ ከሎጎው ጥቁር ጋር ሲደመሩ ማሽኑ ላይ በየቀኑ የሚሞላቸው አራቱ ቀለሞች ይሆናሉ። "ከእነሱ የማይወጣ ሥዕል የለም፤ የካርቱን ጣቢያ ሌላ ምን ቀለም ይይዛል?" አለኝ። መልስ አጣሁለት። ግን አላመንኩለትም።

ባለፈው መስከረም ለአንድ ሙአለ ሕፃናት የፊደል ባነር ሲሠራ ያንኑ ሎጎ ኮረጀው። ጥቁሩ ሳጥን ላይ ሀ፣ ነጩ ላይ ለ፣ ዙሪያውን ሦስቱ ቀለሞች። የሰው ሎጎ አይነካም አልኩት። "ፊደሉ የኛ፣ ሳጥን የማንም" ብሎ መለሰልኝ። ሰቀሉት። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ መምህርት ደወለችለት። ልጆቹ ሀን "ሲ"፣ ለን "ኤን" እያሉ አስቸግረዋታል፤ በእንጨት እየጠቆመች ብታስደግማቸውም አይሰሟትም። ሳጥኖቹን አውጥቶ ክብ አድርጎ በነጻ ቀየረላቸው።